ያልተነገረውን ያነበበች

አህመድ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አያውቅም፤ ግን ስለ እንግሊዝኛ ታሪክ አስተያየት ሳይሰጥ ወደ ቤቱ የተመለሰበት የገበያ ቀን የለም። ከዞብል ተራራ ግርጌ፣ ከቆላው ሰፈሩ ተነስቶ ቆቦ ሲገባ፣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ገበያው ሳይሆን ልጁ ራዊያ ወደተከራየችበት ቤት ነው። ስንቋን ከግመሉ ላይ ያወርዳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ መደቡ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። ከዚያ «በይ እስቲ፣ ያ ሰውዬ ምን ሆነ?» ይላል። ያ ሰውዬ የሚለው ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ያነበቡት ታሪክ ባለታሪክ ነው።

ራዊያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ታፍር ነበር። አባቷ ታሪኩን አንዴ በእንግሊዝኛ ካልሰማ አይረካም፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ሁሉንም የተረዳ መስሎ ያዳምጣል። ስትጨርስ ዓይኑን ይገልጥና «እሺ፣ አሁን ወደ ሰው ቋንቋ መልሽልኝ» ይላታል። ስትመልስለት ደግሞ ማታለል አይቻልም። ያልገባትን ዘልላ ለማለፍ ስትሞክር «ቆይ፣ ቆይ። ቅድም በቅሎዋ ገደል ገባች አላልሽም? አሁን በምን ተቀምጦ ሄደ?» ብሎ ይይዛታል። ተመልሳ መጽሐፉን ስታይ እውነቱን ነው፤ አንዲት ቃል አሳስታ ተርጉማለች። ጓደኞቿ ግራመር በቃላቸው ሲሸመድዱ ከርመው ፈተና ላይ ይጠፋባቸዋል። እሷም ትሸመድዳለች፤ ግን ቋንቋውን አጥንቷ ውስጥ የከተተላት የአባቷ ንዝንዝ ነው።

ያ ዓመት የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። ጦርነቱ ከትምህርቷ ላይ ዓመታት ቆርሶ ወስዶ፣ እኩዮቿ ባል አግብተው ልጅ ሲያዝሉ እሷ ገና ደብተር ትይዛለች። የአባቷ ታናሽ ወንድም ኑሀ «ጥሩ ሰው ጠይቋታል፣ ዕድሜዋ እንዳያልፍ» እያለ ስንት ጊዜ ነገር አንስቷል። አህመድ ግን አንድ ቀን ቁርጡን ተናገረ፤ ልጄ ፈተናዋን እስክትጨርስ ስለ ባል የሚያወራ ሰው ከደጄ አይድረስ አለ። ኑሀ አኩርፎ ከረመ። ራዊያም ከአባቷ ሌላ ከጎኗ የቆመ ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት።

የእንግሊዝኛ መምህሯ ደጀን አንድ ቀን አጭር ታሪክ አስነበባቸው። አንድ ሰው ሩቅ አገር ሠርቶ ወደ መንደሩ ይመለሳል። መንገድ ላይ ያገኛቸው ጎረቤቶቹ ሰላምታ ሰጥተውት ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ዝም ይላሉ። አንዱ ሻንጣውን ይቀበለዋል፣ ሌላው ቁጭ በል ብሎ ወንበር ያቀርብለታል። ሰውዬው የቤቱ በር ላይ ሲደርስ ታሪኩ ያልቃል። መምህሩ «ሚስቱ ምን ሆናለች?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ተንጫጫ፤ አልተጻፈም፣ ገጽ ጎድሎ ነው፣ ሌላ አግብታ ይሆናል ተባለ። ራዊያ እጇን አወጣች።

«ሞታለች።»

«የት ላይ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። ግን ሁሉም ሰው አዝኖለታል፤ ማንም ደግሞ ምክንያቱን አልነገረውም።»

ደጀን ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ጸሐፊ የጻፈውን ማንም ያነባል፣ ያልጻፈውን የሚያነብ ግን ከስንት አንድ ነው ብሎ በክፍሉ ፊት አሞገሳት። ያን ሳምንት ራዊያ መሬት አልነካ አላት። በገበያው ቀን አባቷ ሲመጣ ታሪኩን ከነመልሷ ተረከችለት። አህመድ ግን ፊቱን አኮሳተረ።

«ሰውዬው አፍ የለውም እንዴ? ምነው፣ ሚስቴ ደህና ናት ወይ ብሎ አይጠይቅም?»

«አባ፣ ታሪክ እኮ ነው።»

«ታሪክስ ቢሆን! የቤቱን ነገር ከሰው ፊት ላይ ይለቅማል እንዴ?»

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሲነሳ ወገቡን ይዞ ትንሽ ቆም አለ፤ መንገዱ አድክሞኝ ነው አላት። ከዚያ ወዲህ አህመድ ቆቦን አልረገጠም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግመሉን እየሳበ የመጣው ኑሀ ነው። ራዊያ ገና ከበሩ ላይ ስታየው ልቧ ድንግጥ አለ።

«አባስ?»

«ጎርፍ ሊጠልፍ ቀርቶ ነው» አለ ኑሀ፣ የጆንያውን አፍ እየፈታ። «ውኃው መጥቷል፤ እሱ ከሌለ ደግሞ ማን ይመልሰዋል?»

ነገሩ ለሌላ አገር ሰው ባይገባም ለራያ ሰው በቂ ምክንያት ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ደረቁ ወንዝ ድንገት ይሞላል፤ ገበሬው ሮጦ ጎርፉን ወደ ማሳው ካልመለሰው ማሽላው ውኃ ሳይቀምስ ያልፈዋል። ያን ቀን ማንም ገበያ አይወጣም። ችግሩ፣ ራዊያ ቀና ብላ የምዕራቡን ተራራ ስታይ ሰማዩ ከጥግ እስከ ጥግ ጥርት ያለ ነው። ያን ሳምንት ሙሉ ደጋው ላይ አንዲት ደመና አልዋለችም። አጎቷ ይህን የሚያህል ውሸት ዓይኗን ሳያይ ዋሸ። ስለ ባልም አላነሳም። ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ አስገባላት፣ የውኃ ጀሪካኗን ሞላላት፣ ሊወጣ ሲል ደግሞ «አይዞሽ» አላት።

አይዞሽ? ለምኑ ነው የሚያጽናናት? ቀኑን ሙሉ ይህችን ቃል ስታገላብጥ ዋለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተከታተለ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ለተ ሚካኤል፣ መብራት አጥፊ እያሉ ሲጨቀጭቋት የኖሩት ሴትዮ፣ ምሳ ይዘውላት መጡና «ብቻሽን አትብይ፣ ከኛ ጋር ብይ የኔ ልጅ» አሏት። የአባቷ ስልክ ዝግ ነው፤ ያ ሰፈር ኔትወርክ ካጣ መክረሙን ታውቃለች፣ ቢሆንም ትደውላለች። አንድ ጠዋት ወተት ልትሸጥ የመጣች የሰፈሯ ልጅ ኢቅራ መንገድ ላይ አገኘቻት።

«እናንተ ቤት እኮ ሐሙስ ዕለት ሰው ከግቢው ተርፎ መንገድ ላይ ተቀመጠ። ያን ትልቁን በሬ ነው ያረዱት…» ብላ ጀመረችና የራዊያን ፊት አይታ አፏን ያዘች።

«ለምን?»

«ዱዓ ነው። ዱዓ ነበረ።» ኢቅራ ወተቷን አንስታ ሄደች። ቆማ ስታወራ የማትቸኩል ልጅ ያን ቀን ዞር ብላም አላየች።

ዱዓ በዚያ አገር ለሁሉ ነገር ይደረጋል። ዝናብ ሲጠፋ ይደረጋል፣ ሰው ሲታመም ይደረጋል፣ ሰው ሲሞትም ይደረጋል። ራዊያ ግን ጥርት ያለውን ሰማይ፣ አይዞሽን፣ የእትዬ ለተ ሚካኤልን ምሳና የኢቅራን ፊት አንድ ላይ አስቀምጣ አነበበቻቸው። የፈተና ፓሴጅ እንደማንበብ ነበር፤ ያን ያህል ቀላል ሆነላት። አባቷ ሞቷል።

ማንም አለመናገሩ ጥርጣሬዋን አላሳነሰውም፤ እንዲያውም አረጋገጠላት። መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ሰው ሩቅ ካለ፣ ሴቷ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ፈተና ካለበት፣ አገር ሁሉ ተማክሮ አፉን ይዘጋል። ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው ይነግራሉ። እስከዚያው የሚያውቅ ሁሉ ፊቱን አስተካክሎ ይኖራል። የአክስቷን ልጅ ባሏ የሞተ ጊዜ እንደዚሁ አድርገዋታል፤ ራዊያም ሳትቀር ደሴ ሄዳ ፊቷን አስተካክላ ቡና ጠጥታ ነበር ከእሷ ጋር። እንግዲህ አሁን ተራው የራሷ ነው።

አለቀሰች። ልብስ ማጠብ አበዛች፤ ቧንቧው ሥር ተቀምጣ ስታጥብ ማንም ቢመጣ የሳሙና አረፋ ዓይኔ ገባ ትላለች። ግን ለማንም አልተናገረችም። አውቃለሁ ካለች ዛሬውኑ ይወስዷታል፤ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ፈተናው ያልፋታል። ለከርሞ ደግሞ የኑሀን ጥሩ ሰው ከደጅ የሚመልስ አባት የላትም። አባቷ የፈለገው አንድ ነገር ነው፣ እሱም ይህ ፈተና ነው። ይህን ብቻ እሰጠዋለሁ አለች። በሃያ ዓመቷ እንዲህ ያለ ነገር ለብቻዋ መወሰኗ አስፈራት፤ ግን ወሰነች።

እናም አጠናች። ግራመሩን አንድ በአንድ ጨረሰችው። ታሪክ ስታነብ ግን ከልማዷ መውጣት አቃታት፤ ገጹን ከፍ ባለ ድምፅ በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ ከዚያ ባዶው መደብ ላይ ለተቀመጠ ሰው እንደምትናገር አድርጋ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። ናፍቆቱ ሲበረታባት መጽሐፉን ከድና ትቀመጣለች፣ እንደገና ትከፍተዋለች። ደጀን የሞዴል ፈተናዋን ሲመልስላት «ምን ሆነሽ ነው? እንዲህ ሆነሽ አታውቂም» አላት፤ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታ ነበርና። ራዊያ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ተማሪዎቹ ለፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊወሰዱ ጥቂት ቀን ሲቀር ኑሀ በድጋሚ መጣ። የገበያ ቀን አልነበረም። ስንቅም አልያዘም። ግመሉን ከበሩ ላይ አቁሞ ገመዱን ሳይለቅ ተናገረ።

«ራዊያ፣ አባትሽ ሊያይሽ ይፈልጋል። አሁን አብረሽኝ ነይ፤ ነገ ጠዋት ራሴ እመልስሻለሁ።»

ዓይኑ ቀልቷል። ጥምጣሙ ከተጠመጠመ የሰነበተ ይመስላል።

«አሞታል እንዴ?»

«ትንሽ ነው ያመመው። ትንሽ። አንችን ሲያይ ይሻለዋል።»

ራዊያ ይህን ቃል ታውቀዋለች። የአክስቷን ልጅም ከደሴ ያመጧት እንዲህ ብለው ነው፤ ባልሽን ትንሽ አሞታልና ሊያይሽ ይፈልጋል ብለው። ሞተ ተብሎ የተጠራ ሰው የለም። ሁሉም የሚጠራው አሞታል ተብሎ ነው። ምስኪን አጎቴ አለች በሆዷ። ምስጢሩ ከብዶት፣ መሸከም አቅቶት፣ ፈተናዬን ሳይጠብቅ ሊያረዳኝ መጣ። አዘነችለት። እናቷ ብቻዋን ለቅሶው ላይ መቀመጥ አቅቷት ይሆናል የላከችው ብላ አሰበች፤ ለእናቷም አዘነች። ግን ከሄደች ሁሉም ነገር ያበቃል።

«አጎቴ፣ ፈተናዬን ልጨርስ» አለችው። «አባም የሚወደው ይህንኑ ነው።»

«አንድ ቀን እኮ ነው። አንድ ቀን አይጎዳሽም።»

«አውቃለሁ። ግን ልጨርስ። ስጨርስ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ የምትሉኝን ሁሉ እሰማለሁ።»

ኑሀ የግመሉን ገመድ እጁ ላይ ጠቅልሎ ቆሞ ቀረ። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ተወው። ወንድሙ መጀመሪያ ላይ «ሕመሜን ለልጄ የነገረ ወንድሜ አይደለም» ብሎ አስምሎታል፤ ልጄን ጥራልኝ ብሎ ሲልከው ደግሞ መሐላውን አላነሳለትም። ራዊያ ይህን ከየት ታውቃለች?

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እሽ። አላህ ያግዝሽ።»

ግመሉን አዙሮ ሄደ። ራዊያ እስኪርቅ ድረስ በሩ ላይ ቆማ አየችው። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ኩራት ተሰምቷታል። ሁሉንም አውቃ፣ ሁሉንም ችላ፣ አጎቷን እንኳን ሳታሳፍር መልሳዋለች። ከዚህ በላይ ጎበዝ ልጅ ከየት ይመጣል? ገብታ መጽሐፏን ገለጠች።

የእንግሊዝኛው ፈተና እንደ ፈራችው አልሆነም። አዳራሹ ዝም ባለበት፣ ስልክ የሚባል ነገር በሌለበት፣ ከፊቷ የተዘረጉትን ፓሴጆች ከማንም ቀድማ ጨረሰች። ምን ለማለት ተፈልጎ ነው ከሚሉት ጥያቄዎች አንዱንም አልሳተችም። ስትወጣ ጓደኞቿ መልስ ሲያመሳክሩ እሷ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጠችና፣ «አባ፣ አለቀ» አለች። ሰላም ተሰማት።

ቆቦ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስትወርድ ኑሀ ይጠብቃታል። ከስቷል። ሳመችው፣ ሳማት፣ መንገዱን ሙሉ ብዙም ሳይነጋገሩ ሄዱ። ማምሻውን ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ እሱ ቤት አስገባት፤ ደክሞሻል፣ እዚሁ እደሪ አላት። ምክንያቱን አልጠየቀችም። የሚሆነውን ሁሉ አስቀድማ ታውቀዋለች።

ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እናቷ ሀሊሜ ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ሸህ ሙዓዊያ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዱንያ ለማንም እንደማትሆን፣ ሁሉም ወደ ፈጣሪው ተመላሽ እንደሆነ ነገሯት። «አባትሽ አህመድ ወደ አኼራ ሄዷል፣ ልጄ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ።

ሴቶቹ እሪ አሉ። ራዊያ ግን ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለች። «ካወቅሁ ቆይቻለሁ።»

ለቅሶው በረድ አለ። ሸህ ሙዓዊያ ወደ ኑሀ ዞሩ፤ ኑሀ እኔ አይደለሁም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት። አጎቴ መጀመሪያ ስንቅ ይዞልኝ የመጣ ዕለት ጠረጠርኩ፤ በሬ አርዳችሁ ሰው መሰብሰቡን ስሰማ ደግሞ ገባኝ። እንዳላስጨንቃችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሀሊሜ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሳች።

«የቱ በሬ?»

«ለአባ የሙት ሰደቃ የታረደው።»

«ሰደቃ አልነበረም» አለች እናቷ። «እንዲሻለው ዱዓ ስናስደርግለት ነው። ያን ጊዜማ በሕይወት ነበረ እኮ ልጄ። አንች ለፈተናው ስትሄጅም ነበረ።»

ሀሊሜ ማቆም አልቻለችም። ጉበቱ ነው አለች። ሐኪሞቹ ወደ ቤቱ ውሰዱት ብለው መለሱት። ለልጄ እንዳትነግሯት፣ ፈተናዋ ይበላሽባታል ብሎ ሁሉን አስማለ። በኋላ ግን አንጀቱ አልችል አለው። «ኑሀን ጠርቶ፣ አንድ ቀን አትጎዳም፣ አምጣልኝ አለው። አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ አለን፤ መንገዱ እንዲታየው። ግመሉ አንችን ሳይዝ ሲመጣ አየ። ኑሀ መምህሮቹ ከለከሏት አለው። ደግ አደረጉ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተናገረ፤ እናንተ ፈተናውን በጀመራችሁ ማግስት ሄደ።»

ሀሊሜ ቀስ ብላ ወደ ኑሀ ዞረች። ልጇ ሞቷል ብላ ከነበረ የመምህሮቹ ነገር ልክ እንዳልሆነ የገባት ያን ጊዜ ነው።

«መምህሮቹ ናቸው የከለከሏት?»

ኑሀ መሬት መሬቱን አየ። «አይደሉም። ሳልነግራት ነው የተመለስኩት። ጥናቷን እንዳልረብሽ ብዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የወንድምህን የመጨረሻ ቃል?» አለች ሀሊሜ። «እንዴት አስቻለህ?»

ኑሀን ስትፈራው፣ ጠላቴ ነው ስትለው የኖረች ልጅ ዝም ብትል በዚያ ቤት ውስጥ ማንም እውነቱን አያውቅም ነበር። እሱም ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል፤ ከፊቱ ያስታውቃል።

«ነግሮኛል፣ እማ» አለች። «ሊያይሽ ይፈልጋል ብሎኛል። ለምኖኛል።»

«ታዲያ?»

«ሞቷል ብዬ ነው። ሊያረዳኝ የመጣ መስሎኝ ነው። አላመንኩትም።»

ሀሊሜ ልጇን አየቻት፣ አየቻት፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ ወደ ደረቷ ሳበቻት። ራዊያ እስከዚያች ሰዓት ስታለቅስ የከረመችው ለሞተ አባት ነበር፤ ያንን እንባ ቧንቧ ሥር ጨርሳዋለች። አሁን የምታለቅሰው ቧንቧው ሥር ተቀምጣ ልብስ ስታጥብ፣ ባዶ መደብ ላይ ታሪክ ስትተርክ፣ አዳራሽ ውስጥ ትክክለኛ መልስ ስታጠቁር፣ በሕይወት ሆኖ ሲናፍቃት ለነበረው ነው። ሴቶቹ ሊያባብሏት ዙሪያዋን ከበቧት። ሸህ ሙዓዊያ ተዉዋት፣ ይውጣላት አሉ። ፀሐይዋ ወጥታ፣ ለቀስተኛው ከየመንደሩ መምጣት ሲጀምር ራዊያ ገና እዚያው እናቷ ጉያ ውስጥ ነበረች።